ችግርና መፍትሄ፦ ክሩዘር ሞተራችሁ ሐረጎ ላይ ሲያስቸግር፣ ከመፍታታችሁ በፊት

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ለመኪና አጭር መንገድ ነው። ለሞተር ግን ብዙ ነገር አለበት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች፣ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች፣ መሃል ላይ የሐረጎ ዳገት አለ፤ ጠመዝማዛው፣ የጭነት መኪናው ሰልፍ፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጉሙ። መካከለኛ ክሩዘር (መቀመጫው ዝቅ ያለ ሞተር ሳይክል) የሚነዳ ሰው ሞተሩን በደንብ የሚወደው እዚህ መንገድ ላይ ነው። የሚጠራጠረውም እዚሁ ነው።

መውደዱ ምክንያት አለው። ከ350 እስከ 800 ሲሲ ያሉት ክሩዘሮች፣ እነ ሮያል ኢንፊልድ ሜቲዮር 350፣ ሆንዳ ሬብል 500፣ ካዋሳኪ ቩልካን ኤስ፣ ያማሃ ድራግ ስታር 650፣ ጉልበታቸውን የሚሰጡት ከታች፣ ዙሩ ገና ዝቅ ብሎ ሳለ ነው። ሞተሩ ሳይጮህ ይጎትታል። ሜቲዮር ለምሳሌ ከፍተኛውን የመጎተት ጉልበት በደቂቃ 4,000 ዙር ላይ ይሰጣችኋል። መቀመጫቸውም ዝቅ ያለ ነው፤ የሬብል 500 ከመሬት 69 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ዳገት መሃል ፊታችሁ ያለው ከባድ መኪና በድንገት ሲቆም ሁለት እግራችሁን ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ አድርጋችሁ መቆም መቻል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው እዚያ የቆመ ሰው ነው።

የሚያሳዝነኝ ነገር ግን አለ። ሞተሩ ትንሽ ሲያስቸግር ብዙ ሰው በቀጥታ «ሞተሩ ደክሟል» ይባላል፣ ያስፈታዋል። ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ይቀየራል፣ ቫልቮላ ይሞረዳል፣ ብር ይወጣል፣ ችግሩ እዚያው ነው። ምክንያቱም ችግሩ መጀመሪያውኑ ሞተሩ ውስጥ አልነበረም። ከፍታው ነው፣ ቁልቁለቱ ነው፣ ቤንዚኑ ነው፣ ወይም አንዲት ሽቦ ናት። ጤነኛ ሞተር አንዴ ከተፈታ ደግሞ እንደ ፋብሪካው አድርጎ የሚገጥም እጅ ሁሌ አይገኝም። ስለዚህ ከውጭ እንጀምር።

«ዳገቱ ላይ ጉልበት አጣ»

ከሁሉም የሚበዛው ስሞታ ይሄ ነው። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ደህና የነበረ ሞተር ሐረጎን ሲጀምር ይከብደዋል፣ ደሴ መግቢያ ሲደርስ ጭራሽ ይለግማል።

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አየሩ ነው። የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ላይ 100 ነው ብንል ኮምቦልቻ 80፣ ደሴ 75 አካባቢ ይሆናል። ሞተር ቤንዚን ብቻውን አያቃጥልም፣ አየር ይፈልጋል፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። 20 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለው ሜቲዮር ደሴ ላይ 15 አካባቢ ቢሰጣችሁ ጤነኛ ነው። አብሽሩ። አንድ ማርሽ ቀንሱና ውጡት።

ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ይጨመራል። ካርቡራቶር ከፍታ አይለይም። ቤንዚኑን በቆላ ልክ ይለቃል፣ የሚያገኘው አየር ግን የደጋ ነው፤ ስለዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ይታነቃል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ሊትሩም ቶሎ ያልቃል። ይሄን ለማረጋገጥ ሞተር መፍታት አያስፈልግም። እሳት የምትሰጠዋን ካንዴላ አውጥታችሁ እዩዋት። ጫፏ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ሰላም ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል። ጥቁር ሆና በዘይት ከራሰች ያ ሌላ ታሪክ ነው፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

መፍትሄው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጡ። የኮምቦልቻ አቧራ ፊልትሮ ላይ የሚሠራው ሥራ ከከፍታው አይተናነስም፣ እና ፊልትሮ ማጽዳት ወይም መቀየር ከሁሉም ርካሹ ጥገና ነው። ይሄ ተደርጎ ካንዴላዋ አሁንም ከጠቆረች፣ ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈው ትንሿ ቀዳዳ አንድ ቁጥር አነስ ባለች ትቀየር። አንድ ቁጥር ብቻ። ደሴ ላይ ልክክ ተደርጎ የተስተካከለ ሞተር በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ እሱ ደግሞ ጥላሸት ከማብዛት የባሰ ነው። ወደ ታች የምትመላለሱ ከሆነ ትንሽ ቢጠቁርም ተዉት። ቤንዚኑን በኮምፒውተር የሚረጭ ዓይነት ከሆነ የአየሩን ግፊት የሚለካ መሣሪያ ስላለው ልኩን ራሱ ያስተካክላል። እሱን ማንም እንዲነካካው አትፍቀዱ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ዳገት ላይ ጋዝ ስትሰጡ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ይሄ የአየር ጉዳይ አይደለም፣ ፍሪሲዮን እየተንሸራተተ ነው። የፍሪሲዮኑ መያዣ ጫፉ ላይ ትንሽ ልልነት ሊኖረው ይገባል፣ ልኩ ከሞተር ሞተር ይለያያል። ጭራሽ ልልነት ከሌለው ሽቦው ሁልጊዜ እየጎተተው ነው ማለት ነው፣ ትንሽ አላሉት። ልልነቱ ደህና ከሆነ ዘይቱን ጠይቁ። አብዛኞቹ ክሩዘሮች ላይ ፍሪሲዮኑ የሚሽከረከረው የሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው። የመኪና ዘይት ብዙ ጊዜ የሚያንሸራትት ቅመም አለው፤ ለመኪና ጥሩ ነው፣ ለሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ግን ጠላት ነው። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA)፣ ማለትም ለሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ይሆናል የሚለው ምልክት፣ ካልተጻፈበት አትግዙት፣ ሻጩ «ሁሉም ዘይት አንድ ነው» ቢላችሁም።

«ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሰመጠ»

እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ ምክንያቱም ይሄኛው ይገድላል።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረዳችሁ ነው። መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ቀጥሎ የፍሬኑ መያዣ እየለሰለሰ፣ ወደ ውስጥ እየገባ ይመጣል። በመጨረሻ እስከ ጥግ ብትጨብጡትም ሞተሩ እንደፈለጋችሁ አይቆምም። ሰው ይሄን ሲያይ የፍሬን ሸራ አልቋል ብሎ ያስባል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ ባይነካም ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይሄ እስከ 155 ይወርዳል። ከፈላ እንፋሎት ይፈጥራል። ዘይት አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል፣ ስለዚህ የእጃችሁ ጉልበት ሸራው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል።

ከኋላ ዲስክ ሳይሆን ከበሮ ያላቸው አሉ፣ ድራግ ስታር 650 አንዱ ነው። ከበሮ ሙቀቱን ውስጡ ይይዛል፣ ለመቀዝቀዝም ጊዜ ይወስዳል። ክሩዘር ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላ ስለሆነ ነጂው የኋላ ፍሬን ይወዳል፣ ቁልቁለቱን በሙሉ እግሩን አሳርፎበት ይወርዳል፤ ያ ነው የሚያግለው።

እዚያው መንገድ ላይ ከሆነባችሁ ማርሽ ቀንሱ፣ ፍጥነቱን በሞተሩ ያዙ፣ ሰፊ ቦታ ስታገኙ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ዲስኩ ላይ ውሃ አታፍስሱ፣ የጋለ ብረት ይጣመማል። በራሱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ቤት ስትገቡ የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስቀይሩ፣ ከላይ መጨመር አይበቃም። ከዚያ በኋላም በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

ከሁሉ በላይ ግን አወራረዱ ነው። ይሄን ዳገት ብትወጡት ኖሮ በምን ማርሽ ትወጡት ነበር? በዚያው ማርሽ ውረዱት። ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ይተንፍስ፣ እንደገና ያዙ። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ሐረጎን በፎሌ የሚወርድ ሰው አለ። እባካችሁ። ቤንዚን በኮምፒውተር የሚረጭ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ጋዝ ሲለቀቅ ቤንዚኑን ራሱ ይዘጋል፤ በፎሌ ስትወርዱ ነው እንዲያውም ላለመጥፋት የሚጠጣው። በካርቡራቶሩም ቢሆን የምትቆጥቡት ጠብታ ለሕይወት የሚለወጥ አይደለም።

ስትወርዱ ጋዝ በለቀቃችሁ ቁጥር ማርሚታው «ጧ ጧ» ካለ ግን አትደንግጡ። ማርሚታው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) አየር እያስገባ እንደሆነ እዩ፣ ብሎኑን አጥብቁ። ቀላል ነው።

«ጠዋት አልነሳም አለ»

የደሴ ብርድ ባትሪ ይፈትናል። ግን ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ጆሯችሁን ተጠቀሙ።

ማስነሻውን ስትጫኑ ምንም ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ ቀይዋን ማጥፊያ እዩ፣ ልጆች ነካክተዋት ይሆናል። ቀጥሎ የጎን መቆሚያውን እጠፉ፣ ማርሹን ፎሌ አድርጉ፣ ፍሪሲዮኑን ጨብጡ። እነዚህ ሁሉ ሽቦ አላቸው፣ አንዱ ካልተስማማ ሞተሩ አይነሳም። በተለይ ከመቆሚያው ሥር ያለችው ማብሪያ ክረምት ላይ ጭቃ ይገባባታል፤ ታጥባ ትደረቅ፣ ብዙ ጊዜ ይበቃታል።

«ጠቅ ጠቅ» ብቻ ካለ ባትሪው ነው፣ ወይም የባትሪው ጫፍ ነጭ ዝገት ይዟል። በቴስተር ለኩት። ቆሞ ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12 ከሆነ ከግማሽ በታች ወርዷል። ሞተሩ ተነስቶ ጋዝ ከፍ ሲል ከ13.8 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። ይሄ ከሌለ ባትሪ ብትቀይሩም ያልቅባችኋል፣ ምክንያቱም ችግሩ የሚሞላው ዲናሞ ወይም ልኩን የሚጠብቀው ዕቃ ላይ ነው። አዲስ ባትሪ ገዝቶ በሳምንቱ «አታለሉኝ» የሚል ሰው ይሄን መለኪያ ቢያውቅ ብሩን ያተርፍ ነበር።

ደህና እየዞረ ካልተነሳ ደግሞ ቤንዚን ወይም እሳት ጎድሎታል። አምስት ሰከንድ ሞክሩ፣ ማስነሻ ሞተሪኖውን አሳርፉት፣ ድገሙ። ደሴ ቁልቁለት አታጣም፣ በሁለተኛ ማርሽ ገፍቶ ማስነሳት ይቻላል። ብቻ ቤንዚን በኮምፒውተር የሚረጨው ዓይነት ባትሪው ጭራሽ ከሞተ ፓምፑ ስለማይሠራ በመግፋት አይነሳም፤ በከንቱ አትልፉ።

«ይነሳል፣ ትንሽ ሄዶ ይጠፋል»

የት ነው የቀዳችሁት? ማደያ ሰልፍ ሲበዛ ሁላችንም የሃይላንድ ቤንዚን ጋ እንሄዳለን። ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ የገባበት ከሆነ ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ይጠፋል። ካርቡራቶሩ ከሥሩ ማፍሰሻ ብሎን አለው። ትንሽ ቤንዚን በሚያሳይ ጠርሙስ ቅዱና ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ውሃ ካለበት ሥር ይተኛል፣ ቤንዚኑ ከላይ ይሆናል፣ በዓይናችሁ ትለዩታላችሁ። ካያችሁት ታንከሩ ሙሉ ለሙሉ ይፍሰስ።

ሌላዋ ምክንያት ደግሞ ማንም የማይጠረጥራት ናት። ሞተሩ ሲጠፋ የታንከሩን ክዳን ክፈቱ። «እስስ» ብሎ አየር ከሳበና መልሶ ከተነሳ፣ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ተደፍኗል። በመርፌና በአየር ይጸዳል። አለቀ። በዚች ቀዳዳ ምክንያት ካርቡራቶር የተፈታበት ሞተር ብዙ ነው።

ትንንሾቹ

ሐረጎ ጥምዝ ላይ የእግር ማሳረፊያው አስፋልት ከነካ የተበላሸ ነገር የለም። ክሩዘር ዝቅ ያለ ነው፣ እንደ ስፖርት ሞተር አይተኛም። ከጥምዙ በፊት ፍጥነት ቀንሱ።

ካቴናው ከተንጫጫ ልልነቱን ለኩ፣ በብዙዎቹ ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ትክክለኛው ካቴናው አጠገብ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ከጭቃ መንገድ በኋላ ይጽዳና ዘይት ይቀባ። ድራግ ስታር ካቴና የለውም፣ በዘንግ ነው የሚነዳው፤ የኋላው ማርሽ ዘይት ግን አለው፣ አትርሱት።

መሪው ከተንቀጠቀጠ መጀመሪያ ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ ንፋሱን አስለኩ፣ ጎማው ሳይግል። ንፋሱ ልክ ሆኖ ከቀጠለ የመሪው ኩሽኔታ ይታይ።

ኮምቦልቻ ቀትር ላይ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ሙቀቱ ከወጣ ማራገቢያው መዞሩን እዩ። የራዲያተሩን ክዳን በጋለበት በፍጹም አትክፈቱ።

መቼ ነው ታዲያ የሚፈታው

በሦስት ምልክት። ሰማያዊ ጭስ አንዱ ነው። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ጨሶ ከጠፋ የቫልቮላ ጎማዎች ናቸው፤ ዘይቱን እየለካችሁ ጥቂት ጊዜ መንዳት ትችላላችሁ። ዳገት ላይ ጋዝ በሰጣችሁ ቁጥር የሚጨስ ከሆነና ካንዴላዋም በዘይት ከራሰች ግን ፋሻው ነው። ሁለተኛው፣ ከሞተሩ ውስጥ ከዙሩ ጋር አብሮ የሚፈጥን የብረት ምት ነው። ይሄን ከሰማችሁ እዚያው አጥፉት፣ ቤት ድረስ እንኳ አትንዱት፣ አስጭናችሁ ውሰዱት። ሦስተኛው፣ ዘይት ስትቀይሩ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካያችሁ ነው።

ያኔ መካኒኩ ከመፍታቱ በፊት የሲሊንደሩን ግፊት በመለኪያ እንዲለካ ጠይቁት፣ ቁጥሩንም ጻፉት። ዕቃው ደሴ ላይ ላይገኝ ስለሚችል ፋሻና ጓርኒሲዮን እጃችሁ ሳይገባ ሞተሩ እንዳይከፈት። ክፍት ሞተር ጋራዥ ውስጥ ወር ሲቆይ አቧራ ይገባበታል፣ ብሎን ይጠፋል። ሲገጠምም አሮጌ ጓርኒሲዮን ተመልሶ እንዳይገባ የወጣውን ዕቃ በሙሉ በፌስታል ተቀበሉ። ከገጠመ በኋላ ያለው ዘይት ቶሎ ይቀየር፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮችም ሐረጎን ሳይሆን የኮምቦልቻን ሜዳ ንዱበት።