ሽክርክሪቱ ተገልብጦ ሲታይ፦ ከቶርኔዶ በኋላ የራዳር ዳታ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ፋይል ማውረድ፣ መክፈትና ካርታ ላይ ማሳየት ትችላላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። ሱፐርሴል (የሚሽከረከር ትልቅ ነጎድጓዳማ ማዕበል) ካለፈ በኋላ ዳታው ሲተነተን እጄ ላይ የሚመላለሱት ችግሮች እነዚህ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ከሌላው ሁሉ በላይ ያየሁት እሱን ነው።

ምልክት፦ የፍጥነት ምስሉ ባዶ ነው።
የአሜሪካው የአየር ሁኔታ ራዳር መረብ ኔክስራድ ዝቅተኛዎቹን ማዕዘኖች ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ አንዱን ዙር ለሪፍሌክቲቪቲ (ተመልሶ ለሚመጣው ምልክት ጥንካሬ)፣ ቀጣዩን ለፍጥነት። ዙር ቁጥር 0 ላይ ፍጥነት አትፈልጉ፤ ቁጥር 1ን ክፈቱ።

ምልክት፦ ቶርኔዶው መሃል መንገድ ላይ ይቋረጣል፤ ነፋስና ሙቀት ለመለካት ወደ ሰማይ የሚለቀቀው ፊኛ ዳታም ከማዕበሉ ጋር አይገጥምም።
ፋይሎቹ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው የሚሰየሙት። እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 1999 ኦክላሆማ ውስጥ ብሪጅ ክሪክንና ሙርን የመታው ቶርኔዶ በአካባቢው ሰዓት 18:23 ተነስቶ 19:48 ጠፋ። በዩቲሲ ይህ ከ23:23 እስከ 00:48 ስለሆነ ግማሹ ዳታ የሜይ 4 ፎልደር ውስጥ ነው። ለዚያ ምሽት የሚሆነው የፊኛ ዳታም የሜይ 4 00 ዩቲሲ ነው። የሜይ 3 00 ዩቲሲን ካወረዳችሁ የወሰዳችሁት የዋዜማውን ምሽት አየር ነው።

ምልክት፦ በደማቁ አረንጓዴ መሃል ቀይ ቁራጭ አለ፤ ወይም ሽክርክሪቱ በተቃራኒ ይዞራል።
አረንጓዴ (−) ወደ ራዳሩ የሚመጣ፣ ቀይ (+) ከራዳሩ የሚሄድ ነፋስ ነው። የችግሩ ምክንያት ፍጥነቱ መታጠፉ ነው። ዶፕለር ራዳር በቀጥታ ሊለካው የሚችለው ፍጥነት ጣሪያ አለው፤ ናይኲስት ይባላል። ከእሱ ያለፈ ፍጥነት ታጥፎ በተቃራኒው ምልክት ይመዘገባል። የሞገዱን ርዝመት በምት ድግግሞሹ አባዝታችሁ ለ4 ስታካፍሉ ይገኛል። 10 ሴንቲሜትር ሞገድ በሰከንድ 1000 ምት ሲልክ ጣሪያው 25 ሜትር በሰከንድ ነው። ምቱን ብናበዛ ጣሪያው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ራዳሩ ያለ መደራረብ የሚያየው ርቀት ከ150 ኪሎ ሜትር በታች ይወርዳል። ስለዚህ መሣሪያው አልተበላሸም፤ ዳታው ሁልጊዜም ከነእጥፉ ነው የሚመጣው።

አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ተንታኝ ከሰሜን ንፍቀ ክበብ ዳታ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ቶርኔዶ አገኘሁ ብሎ መጣ። ደስታው ከፊቱ ይነበብ ነበር። ቀለሙን ትተን ቁጥሮቹን በአንድ ጨረር ላይ አነበብን፦ −19፣ −24፣ +17፣ +10። ጌቱ (በጨረሩ ላይ ያለው አንድ የመለኪያ ክፍል) 250 ሜትር ነው። በአንድ ጌት ከ−24 ወደ +17 የሚዘል ነፋስ መሆኑን ተጠራጠርን። ከሁለቱ የኋለኞቹ ላይ የጣሪያውን እጥፍ፣ 50ን፣ ስንቀንስ −33 እና −40 ሆኑ፤ መስመሩ ተስተካከለ። በቀኝ በኩል −18 ይል የነበረውም +32 ሆነ። ከራዳሩ ሲታይ በግራ የሚመጣ፣ በቀኝ የሚሄድ፤ ትክክለኛው የሳይክሎን አዟዟር ይኸው ነው። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት 28 ሳይሆን 72 ነበር። ያ ልጅ ሽክርክሪቱን ያየው ተገልብጦ ብቻ ሳይሆን ከግማሽ በታች ተቀንሶ ነበር።

መፍትሄው፦ ናይኲስቱን ለእያንዳንዱ ዙር ለብቻ ከፋይሉ አንብቡ፤ ከዙር ዙር ይለያያል። ከዚያ ፓይአርት በሚባለው የራዳር ዳታ ሶፍትዌር ውስጥ ያለውን በክልል የሚያርመውን ዘዴ አስኪዱ። እዚህ ላይ ግን ሥራው አላለቀም! ከሌሎች ተነጥሎ የቆመ ማዕበል ካለ ፕሮግራሙ በምን እንደሚመዝነው ስለማያውቅ ሙሉ ማዕበሉን በ50 ሊያንሸራትተው ይችላል። በአንድ ሪፖርት ላይ ማዕበሉ በሙሉ ወደ 65 ሜትር በሰከንድ ይሮጥ ነበር፤ በዚያው ከፍታ ፊኛው የለካው ግን 15 ነው። ማንም አላስተዋለም፤ «ሶፍትዌሩ አርሞታል» ተብሎ ታለፈ። ይህ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ማጣራቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የታረመውን ከፊኛው ነፋስ ጋር፣ ከላይኛው ማዕዘን ጋር፣ ከቀደመው ቅኝት ጋር አስተያዩት። የቀረውን በእጃችሁ አርሙ።

ሳታርሙ አታለስልሱ። ሳታርሙ ወደ ካርቴዥያን (ባለ አራት ማዕዘን) ፍርግርግ አትቀይሩ። የ−24 እና የ+17 አማካይ −3.5 ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ግን 30 ሜትር በሰከንድ ያህል ነፋስ እየነፈሰ ነበር። አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ መመለሻ የለውም፤ ኦሪጅናሉን ፋይል ለብቻ አስቀምጡ።

ምልክት፦ ሽክርክሪቱ መሃል ነጭ ቀዳዳ አለ።
ጫጫታ ለማጽዳት ኮሪሌሽን ኮኤፊሸንቱ (በጨረሩ ውስጥ ያሉት ነገሮች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ የሚያሳየው መለኪያ) ከ0.9 በታች የሆነውን ሁሉ ሰርዛችኋል። ቶርኔዶ ያነሳው የቤት ፍርስራሽና የዛፍ ስብርባሪ ከ0.8 በታች ይወርዳል፤ የሰረዛችሁት የምትፈልጉትን ማስረጃ ነው። ፊልተሩን ለዝናብ ካርታ አቆዩት። ፍርስራሽ ለማለት ሪፍሌክቲቪቲው ከፍ ያለ መሆኑንና ቦታው ከሽክርክሪቱ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ፤ ደካማ ምልክት ላይ ያለ ዝቅተኛ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። ኔክስራድ ይህን መለኪያ ያገኘው ከ2011 እስከ 2013 በተደረገው ማሻሻያ ነው፤ በ1999 ፋይል ውስጥ አትፈልጉት።

ምልክት፦ ሄሊሲቲው (ነፋሱ ማዕበሉን የማሽከርከር አቅሙ) ሊታመን የማይችል ያህል ትልቅ ነው።
የፊኛ ነፋስ ብዙ ጊዜ በኖት ይሰጣል፤ 1 ኖት 0.514 ሜትር በሰከንድ ነው። ሄሊሲቲ ነፋስ በነፋስ የሚባዛበት ስሌት ስለሆነ ሁሉም በኖት ከገባ ውጤቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። የማዕበሉንም ጉዞ ከቀመር ብቻ አትውሰዱ፤ ከተከታታይ የራዳር ምስሎች ለኩት፣ ማዕበሉ አልፏልና መንገዱ እጃችሁ ላይ ነው።

ምልክት፦ ኬፕ (አየሩ ለማዕበል የያዘው ኃይል) ዜሮ ሊሆን ምንም አልቀረው።
ፊኛው የማዕበሉ ቀዝቃዛ ፍሳሽ ውስጥ ወጥቷል። የቀደመውን ፊኛ ወስዳችሁ ታችኛውን ክፍል ከማዕበሉ ፊት ባለ ጣቢያ ሙቀትና ጤዛ ነጥብ አስተካክሉ።

ምልክት፦ መሬት ላይ ከባድ ጉዳት አለ፣ ራዳሩ ግን ደካማ ሽክርክሪት ያሳያል።
ርቀቱን እዩ። በ100 ኪሎ ሜትር ላይ የ0.5 ዲግሪ ጨረር መሃሉ ወደ 1.5 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ስፋቱም ከዚያ ይበልጣል፣ ጠባብ ቶርኔዶ ውስጡ ይሟሟል። ቅርብ ያለ ሌላ ራዳር ፈልጉ።

ምልክት፦ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቦታ።
ከሩቅ የመጣ ምልክት ተደራርቦበት ፍጥነቱ ሊለይ አልቻለም። ከጎረቤት ጌቶች ገምታችሁ አትሙሉት፤ ባዶ ተዉት።