ብሉቤሪን በሞቃት አካባቢ በባልዲ እንዴት ማልማት ይቻላል

ብሉቤሪ የብርድ አገር ፍሬ ነው ሲባል ስለኖረ፣ ሞቃት አካባቢ የሚኖር ሰው ችግኙን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ እኛ ጋ ይይዛል ወይ?» ብሎ ነው። ይይዛል። ለሙቀት ተብለው የተዳቀሉ ዝርያዎች ከመጡ ቆይተዋል፣ አዳዲሶችም እየተጨመሩ ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ችግኞች ስተክል ጭንቀቴ ሁሉ ፀሐዩ ነበር። ጥላ ሠራሁላቸው፣ ቀትር ላይ እየወጣሁ ቅጠላቸውን እዳስስ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ሞተብኝ። የገደለው ግን ፀሐይ ሳይሆን በገዛ እጄ የማጠጣው ውኃ ነው። ስለዚህ ሌላውን ክፍል ፈጠን ብላችሁ ብታልፉትም፣ ውኃው ጋ ስትደርሱ ቆም በሉ።

1. ዝርያውን በስሙ ሳይሆን በብርድ ሰዓቱ ምረጡ

ብሉቤሪ በብርዱ ወራት እንቅልፍ ይተኛል። ነቅቶ በደንብ እንዲያብብ ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ የተወሰነ ሰዓት ማሳለፍ አለበት። ይህ የብርድ ሰዓት ይባላል። የሰሜኖቹ ዝርያዎች በአብዛኛው ከ800 ሰዓት በላይ ይፈልጋሉ። ያን ያህል ብርድ በሌለበት ቦታ ቅጠል እያወጡ ሊቆዩ ይችላሉ፣ አበባው ግን ወይ ይቀራል ወይ እዚህም እዚያም ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ብዙ ሰው «ብሉቤሪ እኛ ጋ አይሆንም» የሚለው እንዲህ ዓይነቱን ዝርያ ተክሎ ነው።

ለውጡ የመጣው በማዳቀል ነው። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ያሉ አዳቃዮች የሰሜኑን ብሉቤሪ ቫክሲኒየም ዳሮዊ ከሚባል፣ በዚያው በፍሎሪዳ በዱር ከሚበቅል፣ ቅጠሉ ከማይረግፍ አጭር ቁጥቋጦ ጋር አዳቀሉት። ፍሬውን ከአንዱ፣ ሙቀት መቻሉን ከሌላው አገኙ። ከእነዚህ ቀደምት ዝርያዎች አንዱ ሻርፕብሉ በ1976 ወጣ። በ1998 ደግሞ በሚሲሲፒ ግዛት ፖፕላርቪል ከሚገኘው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምርምር ጣቢያ ቢሎክሲ የተባለው ዝርያ ተለቀቀ። ቢሎክሲ የሚፈልገው ብርድ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ውርጭ በማያውቃቸው ብዙ ቦታዎች ተስፋፍቷል። ኤመራልድ፣ ጁዌል እና ሰንሻይን ብሉም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። የደቡብ ዝርያዎች ተብለው ይጠራሉ።

አዲስ ስም ሲመጣ አትቸኩሉ። ማስታወቂያው ስለ ፍሬው መጠንና ስለ ጣዕሙ ነው የሚያወራው፤ እናንተ የምትጠይቁት ግን «የስንት ሰዓት ብርድ ይፈልጋል?» ብላችሁ ነው። ቁጥሩን መናገር የማይችል ሻጭ ጋ ገንዘባችሁን አታውጡ። አካባቢያችሁ ውርጭ የማያውቅ ከሆነ ከ200 ሰዓት በታች የሆነውን ፈልጉ። ብዙዎቹ አዳዲስ ዝርያዎች የአዳቃይ መብት የተጠበቀላቸው ስለሆኑ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ከማባዛታችሁ በፊት መፈቀዱን አረጋግጡ።

ሁለት የተለያዩ፣ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚያብቡ ዝርያዎች ግዙ። አንዱ ብቻውን ሊያፈራ ይችላል፤ ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትመላለስ ግን ፍሬው ይተልቃል፣ ቶሎም ይደርሳል።

2. አፈሩን ከመንካታችሁ በፊት አቼቶ ጠብ አድርጉበት

ብሉቤሪ ኮምጣጣ አፈር ይወዳል። ኮምጣጣነትን በሚለካው በፒኤች ልኬት ከ4.5 እስከ 5.5 ባለው መካከል ይመቸዋል። ይህ ልኬት ተራ ቁጥር አለመሆኑን ልብ በሉ፤ አንድ ደረጃ ሲጨምር አሲድነቱ በ10 እጥፍ ይቀንሳል። አፈራችሁ 7.5 ከሆነ፣ ተክሉ ከሚወደው 4.5 ጋር ያለው ልዩነት 1,000 እጥፍ ነው ማለት ነው።

ከጓሯችሁ አንድ እፍኝ ደረቅ አፈር ውሰዱና አቼቶ አፍስሱበት። ቢፍለቀለቅ አፈሩ ውስጥ ኖራ አለ። እዚያ ጉድጓድ ቆፍራችሁ፣ ውስጡን በሌላ አፈር ሞልታችሁ ልትተክሉ አትሞክሩ፤ ዙሪያው ያለው ኖራ ቀስ በቀስ ተመልሶ ይገባል። ባይፍለቀለቅ እንኳ እኔ የምመርጠው ባልዲ ነው፣ ምክንያቱም ባልዲ ውስጥ ያለውን አፈር የምታዙት እናንተ ናችሁ።

ለመጀመሪያው ዓመት 15 ሊትር፣ በኋላ 40 ሊትርና ከዚያ በላይ የሚይዝ፣ ከታች በደንብ የተበሳ ባልዲ አዘጋጁ። ጥቁር አትግዙ። ጥቁር ፕላስቲክ ፀሐይ ሲመታው ጎኑ ይግላል፣ የብሉቤሪ ሥር ደግሞ ቀጭንና ወደ ላይ የተጠጋ ነው፤ እንደ ሌላው ተክል ውኃ የሚመጡ ጥቃቅን የሥር ጸጉሮች እንኳ የሉትም። ጥቁር ብቻ ካላችሁ በነጭ ጨርቅ ወይም በጆንያ ጠቅልሉት።

ድብልቁ ቀላል ነው፤ አንድ እጅ ፒት (ረግረግ ውስጥ በከፊል የበሰበሰ የዕፅዋት ቅሪት)፣ አንድ እጅ የተሰባበረ የጥድ ቅርፊት፣ ግማሽ እጅ ፐርላይት (አፈሩን የሚያላላ ቀላል ነጭ ጠጠር)። ፒት አንዴ ከደረቀ ውኃ አልቀበልም ይላል፣ ከላይ ብታጠጡት በጎን ወርዶ ይፈሳል። ከመደባለቃችሁ በፊት በሙቅ ውኃ ዘፍዝፋችሁ እንደ ሊጥ እሹት። በፒት ፋንታ የኮኮናት ቃጫ የምትጠቀሙ ከሆነ ጨው ስለሚይዝ ደጋግማችሁ አጥባችሁ አጥልሉት። ፍግ አይገባም፣ አመድ አይገባም፣ ኖራማ ነገር ሁሉ አይገባም። የቡና አተላ አፈር ያኮመጥጣል የሚባለውም አያዋጣም፤ ከተፈላ በኋላ አብዛኛው አሲድ በውኃው ሄዷል፣ የሚተርፈው ለገለልተኛ የተጠጋ ነው።

የድኝ ዱቄት ግን ይሠራል። የሚሠራው አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ቀስ እያሉ ወደ አሲድ ሲለውጡት ስለሆነ ወራት ይፈጃል። ዛሬ አድርጋችሁ ነገ ብትለኩ ምንም አታዩም፤ ያኔ ሰው ደግሞ ይጨምራል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድ ላይ ሲደርስ ሥሩ ይቃጠላል።

ችግኙን ከመጣበት ቁመት ሳታስጠልቁ ትከሉት፣ ላዩን በጥድ ቅርፊት 5 ሴንቲሜትር ያህል ጎዝጉዙት። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ፤ ሙቀቱ ከበረታ ከሰዓት በኋላ ያለው ጥላ አይጎዳውም።

3. ውኃው

የእኔ ሁለት ችግኞች እስከ አምስተኛው ወር ድረስ ለዓይን ደስ ይሉ ነበር። ከዚያ አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች መገርጣት ጀመሩ። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንስቼ ሳየው መሐሉ እንደ ሎሚ ቢጫ፣ ጅማቶቹ ግን አረንጓዴ ሆነው እንደ መረብ ተዘርግተው ነበር። ርቦታል ብዬ ማዳበሪያ ጨመርኩ። አልተሻለውም። ፍግ በውኃ በጥብጬ አጠጣሁት። የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ተኮማተረ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ አንደኛው አለቀ። ነቅዬ ሳየው ሥሩ ጠቁሯል፤ በባልዲው አፍ ዙሪያ ደግሞ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል።

ያን ነጭ ነገር በጥፍሬ ስፍቀው የት እንደማውቀው ትዝ አለኝ። ማንቆርቆሪያችን ሥር የሚጋገረው ነው። የቧንቧው ውኃ ኖራ የበዛበት ነበር። በልክ የደባለቅኩትን አፈር በእያንዳንዱ ጣሳ ውኃ ትንሽ ትንሽ ኖራ እየጨመርኩ ሳበላሸው ነው የከረምኩት። አፈሩን ስለካው ስተክል 5 የነበረው ከ7 አልፏል። አፈር ውስጥ ብረት ነበረ፤ ግን አሲድነቱ ሲጠፋ ብረቱ ይታሰራል፣ ተክሉም ሊመጠው አይችልም። ቢጫው ቅጠል የብረት ረሀብ ነው። ማዳበሪያው ያንን አልፈታም፤ ጨውን የማይችለውን ሥር ጭራሽ አቃጠለው።

ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት ማንቆርቆሪያችሁን ክፈቱና እዩ። ነጭ ቅርፊት ካለበት ውኃችሁ እንደ እኔው ነው።

ከሁሉ የሚሻለው የዝናብ ውኃ ነው። ኖራ የለውም፣ ፒኤቹም ወደ 5.6 ገደማ ነው። ከቆርቆሮ ጣራ ወደ በርሜል አጠራቅሙ፤ ከሲሚንቶ ጣራ ወይም ከሲሚንቶ ገንዳ የመጣ ግን ኖራ ስለሚያነሳ ይቅር። በርሜሉን ለትንኝ እንዳይሆን ክደኑት።

ዝናብ በማይኖርበት ወቅት የቧንቧውን ውኃ ማኮምጠጥ ትችላላችሁ። በአራት ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተራ አቼቶ ጨምሩ፣ አማስሉ፣ በፒኤች መለኪያ ወረቀት ለኩ። ከ5 እስከ 5.5 እስኪደርስ በጥቂት ጥቂቱ ጨምሩ። ሲትሪክ አሲድ የሚባለው ነጭ ዱቄትም ያንኑ ይሠራል፣ በቁንጥር በቁንጥር ነው። የውኃው ዓይነት ስለሚለያይ ለእኔ የሠራው መጠን ለእናንተ ላይሠራ ይችላል፤ ስለዚህ ሳትለኩ አታጠጡ። እነዚህን አሲዶች የአፈር ባክቴሪያዎች ቶሎ ስለሚበሏቸው ውጤታቸው አይቆይም፣ ባጠጣችሁ ቁጥር መደገም አለበት። የባትሪ አሲድ ግን አትንኩ። ትልልቅ እርሻዎች ሰልፈሪክ አሲድ የሚጠቀሙት በልዩ መሣሪያና በሠለጠነ ሰው ነው።

ስለ መለኪያም ልናገር። አፈር ውስጥ የሚሰኩትን ርካሽ ባለ ሁለት ሹል መለኪያዎች አልመክርም፤ እኔ ዘንድ የነበረው ሁልጊዜ 6.5 ነበር የሚለው፣ ያመንኩት እኔ ነኝ ጥፋተኛው። የሚሻለው እንዲህ ነው። ባልዲውን እንደ ወትሮው አጠጡ፣ አንድ ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ ግማሽ ሊትር የዝናብ ወይም የተጣራ ውኃ ከላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ከሥር የሚንጠባጠበውን በንጹሕ ኩባያ ተቀብላችሁ በወረቀት ለኩት። በወር አንዴ ይህን ካደረጋችሁ ችግሩ ቅጠል ላይ ሳይደርስ ታዩታላችሁ።

ምን ያህል ይጠጣ? ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት፣ መድረቅ ከጀመረ ከሥር እስኪንጠባጠብ አጠጡ። በሙቀቱ ወራት በየቀኑ ሊሆን ይችላል። ከባልዲው ሥር ሳህን አስቀምጣችሁ ውኃ አታቁሩበት፣ ሥሩ ይበሰብሳል።

የተረፈችው ችግኝ በዝናብ ውኃና በጥቂት ድኝ አገገመች። ብረቱን ለጊዜው ኪሌት በተባለው፣ አፈር በማያስረው ዓይነት ሰጠኋት። የገረጡት ቅጠሎች ግን አልተመለሱም፤ አዲሶቹ ናቸው አረንጓዴ ሆነው የወጡት። እናንተም ሕክምናው መሥራቱን ለማወቅ አሮጌውን ቅጠል ሳይሆን ጫፉን ተመልከቱ።

4. ማዳበሪያ፣ አበባና መግረዝ

ብሉቤሪ ናይትሮጅንን የሚወደው በአሞኒየም መልክ ነው፣ ናይትሬት አይስማማውም። አሞኒየም ሰልፌት ጥሩ ነው፣ አፈሩንም ያኮመጥጣል። ለወጣት ችግኝ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በየስድስት ሳምንቱ፣ ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ በትኑና አጠጡ። ሲበዛ ከማጣት የባሰ ይጎዳዋል። ውርጭ በሌለበት ቦታ ተክሉ ቅጠሉን ሳያረግፍ ዓመቱን ሙሉ ስለሚሠራ ምግቡም በጥቂቱ ይቀጥል።

በመጀመሪያው ዓመት የሚወጣውን አበባ ሁሉ ቀንጥሱት። እነዚያን እንደ ደወል የተንጠለጠሉ ነጫጭ አበቦች መቀንጠስ ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። ካልተቀነጠሱ ግን ገና ያልጠነከረው ችግኝ ጉልበቱን በአሥር ፍሬ ጨርሶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ባለበት ይቀራል።

መግረዝ የሚጀመረው ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ነው። ፍሬው እንዳለቀ የደረቀውን፣ የቀጨጨውንና ወደ ውስጥ ያደገውን አውጡ። ቆይቶ በየዓመቱ አንድ ሁለት ያረጁ ግንዶችን ከሥር ቆርጣችሁ ለአዲስ ቦታ ልቀቁ።

5. መልቀም

ፍሬው መቅላት ሲጀምር መረብ አልብሱት፣ አለዚያ ወፎች ይቀድሟችኋል።

ሰማያዊ ሆነ ማለት በሰለ ማለት አይደለም። ሰማያዊ ከሆነ በኋላ ከሦስት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ተዉት። ብሉቤሪ ከተለቀመ በኋላ ጣፋጭነቱ አይጨምርም፣ ስኳሩን የሚጨርሰው ዛፉ ላይ ነው። ፍሬውን ገልበጥ አድርጋችሁ ከአገዳው ጋር የተያያዘበትን ቦታ እዩ፤ ዙሪያው ትንሽ እንኳ ቀላ ያለ ቀለበት ካለ አልደረሰም። እስከ ውስጥ ሰማያዊ ከሆነ አውራ ጣታችሁን ከሥሩ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንከባሉት። የደረሰው በራሱ እጃችሁ ላይ ይወድቃል፣ ያልደረሰው ይይዛል፤ የያዘውን አትጎትቱት። ላዩ ላይ ያለችው ነጭ አቧራ መሳይ ነገር ፍሬው ራሱ ያወጣት ሰም ናት፣ እንዳይደርቅ ትጠብቀዋለች። አትጥረጉት፣ የምታጥቡትም ልትበሉት ስትሉ ብቻ ነው።