«ስፓይት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ ሮማኒያኛ ለመመለስ

ተርጓሚው አስቀድሞ ቃሉ ክፋትን ወይስ ተቃርኖን እንደሚገልጽ መለየት አለበት። «ኢን ስፓይት ኦቭ» ሲሆን ክፋት የለበትም፤ አቻው «እን ቹዳ» ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ስምም የአገናዛቢነት ቅርጽ ስለሚይዝ፣ «ዝናብ ቢኖርም» ለማለት «እን ቹዳ ፕሏያ» ሳይሆን «እን ቹዳ ፕሎዪ» ይባላል። የሚገርመው፣ ሮማኒያኛም እንደ እንግሊዝኛው ይህን ሐረግ ያወጣው ከስሜት ቃል ነው፤ «ቹደ» ብቻውን ሲቆም ግን ከክፋት ይልቅ ወደ እኛው ቁጭትና እልህ ይጠጋል። ስለዚህ ሰውን ለመጉዳት ታስቦ የተደረገን ነገር «ዲን ረኡታቴ»፣ ማለትም «በክፋት»፣ ብሎ መመለስን እመርጣለሁ። ቂም መያዝ ሲሆን «አ ፑርታ ፒከ» ይስማማል፤ ከስም ይልቅ ሙሉ ዐረፍተ ነገር የሚከተለው ተቃርኖ ደግሞ «ዴሺ»ን ይጠይቃል።