«ነገ እመጣለሁ አለች»፦ የሪፖርትድ ስፒች (ሌላ ሰው ያለውን መልሶ የመናገር) ችግርና መፍትሄው

ሳራ ደውላ «ነገ እመጣለሁ» አለችኝ እንበል። ለወንድሜ ሳወራው «ሳራ ነገ እመጣለሁ አለች» እለዋለሁ። መጪዋ ሳራ እንደሆነች ወዲያው ይገባዋል። ጣጣው የሚመጣው ይቺኑ አረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ስንወስዳት ነው።

ችግር፦ «ሳራ ሴድ ዛት አይ ዊል ከም ቱሞሮው» ብለን እንጽፋለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ የሚጠብቀው ሳራን ሳይሆን እኔን ነው።

ምክንያት፦ አማርኛ የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ያስቀምጥና መጨረሻው ላይ «አለ» ይጨምርበታል። እኛም «እመጣለሁ»ን ይዘን «አይ» ላይ እናርፋለን። ሕጉን ስላልሸመደድን አይደለም።

መፍትሄ፦ እዚያው አማርኛ ውስጥ አለ። «አለች»ን ተዉትና በ«ነገረችኝ» ጨርሱት፦ «ሳራ በማግስቱ እንደምትመጣ ነገረችኝ»። «እመጣለሁ» ሄዶ «እንደምትመጣ» መጣ፤ ስለዚህ «አይ» ሳይሆን «ሺ»። «ነገ»ም «በማግስቱ» ሆነ። አሁን ተርጉሙት፦ «ሳራ ቶልድ ሚ ዛት ሺ ዉድ ከም ዘ ኔክስት ደይ»።

«ሴድ ሚ» የሚባለውም ስህተት ከዚሁ ቤት የወጣ ነው። ጥፋተኛዋ የ«አለኝ» «ኝ» ናት። «ሴድ ቱ ሚ» ወይም «ቶልድ ሚ» በሉ፤ «ቶልድ ቱ ሚ» ግን አይባልም።

ችግር፦ ጥያቄ ሲሆን «ሂ አስክድ ሚ ዌር ዱ አይ ሊቭ» ይወጣናል። እዚህ «አይ» ትክክል ነው፤ የተረፈው «ዱ» ነው። ያም ሆኖ ዘዴው ያው ነው። «የት ነው የምትኖረው አለኝ» ከማለት «የት እንደምኖር ጠየቀኝ» በሉ። አያችሁ፣ ጥያቄነቱ ጠፋ። እንግሊዝኛውም «ዱ»ን ጥሎ «ሂ አስክድ ሚ ዌር አይ ሊቭድ» ይሆናል፤ የጥያቄ ምልክትም የለው። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ለሆነ ጥያቄ «ኢፍ» ጨምሩ፦ «ደክሞኝ እንደሆነ ጠየቀኝ»፣ «ሂ አስክድ ሚ ኢፍ አይ ዋዝ ታየርድ»።

ትእዛዝ ቀላል ነው። «በሩን እንድዘጋ ነገረኝ» ሲሆን «ሂ ቶልድ ሚ ቱ ክሎዝ ዘ ዶር»፣ «እንዳልዘጋ» ሲሆን «ኖት ቱ ክሎዝ»።

አማርኛ የማያግዘን የግሱ ጊዜ ላይ ብቻ ነው። «እንደምትመጣ» ትናንት ቢነገርም ዛሬ አይለወጥም። እንግሊዝኛው ግን ዋናው ግስ ኃላፊ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፦ «ዊል» «ዉድ»፣ «ኢዝ» «ዋዝ»፣ «ካን» «ኩድ» ይሆናል። ይህን መሸምደድ ግድ ነው። ሳራ የደወለችው ዛሬ ከሆነና ነገው ገና ካልደረሰ ግን «ዊል»ም «ቱሞሮው»ም እንዳሉ ቢቀሩ ስህተት አይደለም። ፈተና ላይ ስትሆኑ ግን ለውጡት፤ ቀኑ ገና መሆኑ በግልጽ ካልተጻፈ በቀር መልሱ የተለወጠው ነው።