ትራንስፖርት ሲቋረጥ የመጨናነቅ ክፍያን ማንሳት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ላይ ነዳጅ ሲጠፋ ባጃጆች ማደያ ደጃፍ ተሰልፈው ይውላሉ። ከመናኸሪያ የወረደ መንገደኛ ሻንጣውን ተሸክሞ በእግሩ ያዘግማል፤ በሽተኛ የያዘም እንዲሁ። ከተማችን ውስጥ መኪና ወደ መሀል ሲገባ የሚከፍለው የመጨናነቅ ክፍያ የለም። ሆኖም ይህን ክፍያ የሚያስከፍሉት የለንደንና የኒውዮርክ ዜና በመጣ ቁጥር «ባቡርና አውቶቡስ ሲቆም ክፍያው ለምን አይነሳም?» የሚለው ጥያቄ ቡና ላይ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ሐሳብ ላይ ይቆማል።

የመጀመሪያው ስህተት ክፍያውን ከአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ክፍያ ጋር ማመሳሰል ነው። የፍጥነት መንገዱ ክፍያ መንገዱን ለመጠቀም የሚከፈል ነው፤ የመጨናነቅ ክፍያ ዋና ዓላማው ግን ወደ መሀል ከተማ የሚገባውን መኪና መቀነስ ነው። ለንደን እ.ኤ.አ. በ2003 በቀን 5 ፓውንድ ብላ የጀመረችውም ለዚሁ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ክፍያው ሲነሳ የተቸገረው ሰው ይረዳል ብሎ ማሰብ ነው። በዚያ ቀን መንገድ ላይ የቀረው መኪና የሌለው ነው፤ ምሕረቱ የሚደርሰው ግን መኪና ላለው። ባቡር ሲቆም ደግሞ ሰዉ ሁሉ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። ክፍያው ከተነሳ ቤቱ ሊውል የነበረ መኪናም ይጨመርበታል፣ እየሠሩ ያሉት ጥቂት አውቶቡሶች በመኪና ብዛት ይታነቃሉ፣ አምቡላንስም ማለፊያ ያጣል። ባጃጅ አጥታ ሐኪም ቤት በእግሯ የምትሄድን እናት ላየ ሰው፣ ለባለመኪና ብቻ የሚደርስ እፎይታ ፍትሕ ሆኖ አይታየውም።

ገንዘቡንም መርሳት አይገባም። ኒውዮርክ ከጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መኪና በሚበዛበት ሰዓት ከግል መኪና 9 ዶላር ስታስከፍል፣ ገቢው ለምድር ባቡሩና ለአውቶቡሱ ማሻሻያ የታሰበ ነው። የማያስተማምን ባቡር የሚታደሰው በዚሁ ገንዘብ ነው።

ሌላው ስህተት «በፍጹም አይነሳም» ብሎ መድረቅ ነው። የጣሊያኗ ሚላኖ በትራንስፖርት ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ቀናት የመሀል ከተማውን ክፍያ ስታነሳ ቆይታለች። ለንደንም በኮሮና ጊዜ፣ በመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.)፣ አንስታው በግንቦት መልሳዋለች፤ ያኔ ግን መንገዱ ባዶ ነበር። የአድማ ቀን መንገድ ባዶ አይደለም። ስለዚህ እኔ ለሁሉም ከማንሳት ይልቅ ለሐኪሞች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ብዙ ሰው ጭነው ለሚገቡ ተሽከርካሪዎች ብቻ ያለ ክፍያ መግባትን መፍቀድን እመርጣለሁ።

ውሳኔውን ረፋድ ላይ ማወጅም አይጠቅምም። ሠራተኛው ጎህ ሲቀድ ከቤቱ ወጥቷል፤ ማስታወቂያው ከዋዜማው ማታ ጀምሮ፣ የሚያበቃበት ሰዓት ተጽፎበት መነገር አለበት።