ወይን ለመቅመስ ስትሰበሰቡ የሚሠሩ ስህተቶች

አሁን አሁን አዲስ አበባ ውስጥ አራት አምስት ጓደኛ አዋጥቶ የተለያየ ወይን ይገዛና አንዱ ቤት ይሰበሰባል። ጥሩ ነገር ነው። ሬስቶራንት ገብቶ ከማዘዝ ይረክሳል፤ እናትም፣ አክስትም፣ ታናሽ ወንድምም ይቀላቀላል። የወይን አዋቂ መሆን አይጠይቅም። እኔ እንዳየሁት ግን ቅምሻውን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ደግነታችን ነው። እንግዳ ለማክበር የምናደርጋቸው ነገሮች ወይኑ ላይ ይዞሩበታል።

እጣን እያጨሱ መቅመስ

ምላስ ጣፋጩን፣ ኮምጣጣውን፣ መራራውን ይለያል። የቀረውን፣ ማለትም ፍራፍሬውን፣ ቅመሙን፣ የበርሜሉን እንጨት፣ የሚነግረን አፍንጫ ነው። እንግዳ መጣ ተብሎ ግን ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ቡና ይቆላል፣ እጣን ይጨሳል። ጓዳ ውስጥ ደግሞ ቁሌት ተጥዷል። እዚህ መሀል የምትከፍቱት ጠርሙስ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን እጣን እጣን ነው የሚላችሁ።

ቡናው ይቅር አላልኩም። ይቆይ። ወይኑ ይቀመስ፣ ምግቡ ይቀጥል፣ ቡናው መጨረሻ ላይ ከነእጣኑ ይምጣ። የጓዳውን በር ዝጉ፣ የሳሎኑን መስኮት ክፈቱ። ጠንካራ ሽቶ የምትቀቡ ሰዎችም ለዛሬ ብትተዉት አጠገባችሁ የሚቀመጠው ሰው ያመሰግናችኋል።

ብርጭቆውንም ባዶውን አሽትቱት። በየቤቱ ጥሩ ጥሩው ብርጭቆ "ለእንግዳ" ተብሎ ቡፌ ውስጥ ወራት ይቀመጣል። ሲወጣ የእንጨትና የአቧራ ሽታ ይዟል። ታጥቦም ከሆነ ፈሳሽ ሳሙናው በደንብ ሳይለቀው ቀርቶ ይሆናል። ለብ ባለ ውሃ አለቅልቁትና ዘቅዝቃችሁ አድርቁት፤ ወጥ ቤት በዋለ ጨርቅ አትወልውሉት።

ሞልቶ መቅዳት

እኛ ዘንድ አጉድሎ መቅዳት ስስት ይመስላል። ለጠጅና ለጠላ ልክ ነው። ወይን ሲቀመስ ግን ብርጭቆው ውስጥ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ ሽታው የሚሰበሰበው እዚያ ነው። አፍ እስከ ገደፉ ከሞላ ማሽከርከርም ማሽተትም አይቻልም።

ለቅምሻ 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ከአንድ ቡና ሲኒ ያነሰ ማለት ነው። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ በዚህ ስሌት ለ15 ሰው ይደርሳል። ስድስት ሰው አራት ዓይነት ወይን ቢቀምስ እያንዳንዱ የሚጠጣው 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ አራተኛው ላይ ሲደርስም አፉም ጭንቅላቱም ደህና ነው። የቀረው ወይን ለራት ይሆናል። አስቀድማችሁ ለትልልቆቹ ንገሯቸው እንጂ፣ ያለዚያ ጋሼ "ምነው፣ ወይኑ አልቋል እንዴ?" ማለታቸው አይቀርም።

ባለሙያዎች ቀምሰው ይተፋሉ። ሰው ቤት እንዲህ ማድረግ ለብዙዎቻችን ነውር ነው፣ በዚህ መጠንም አያስፈልግም። ያልጣመው ሰው የሚደፋበት አንድ ጆግ ጠረጴዛው ላይ አኑሩ።

ቡፌ ውስጥ የከረመውን ማውጣት

"ይሄ እኮ ለሠርጋችን የመጣ ነው!" ተብሎ የሚወጣ ጠርሙስ አለ። ሲያረጅ ይጣፍጣል ተብሎ ይታመናል። ለዓመታት እንዲቀመጥ ታስቦ የሚሠራው ግን ጥቂቱ ወይን ነው፤ ሱቅ ውስጥ የምናገኘው አብዛኛው በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። በዚያ ላይ ቡፌ ከሁሉ የባሰ ቦታ ነው። ብርሃን ያገኘዋል፣ ሙቀቱ ይለዋወጣል፣ ጠርሙሱ ቆሞ ስለሚኖር ቡሹ ይደርቅና አየር ያስገባል።

ክፈቱትና እዩት። ቀዩ ቡናማ ከመሰለ፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ፣ ነገሩ አልቋል። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ከሆነ ችግሩ ከቡሹ ነው፤ አዲስ ጠርሙስም ላይ ያጋጥማል። ባለቤቱን ላለማስቀየም ብሎ መጠጣት አያስፈልግም።

ነጩን አቀዝቅዞ ቀዩን መርሳት

ነጭ ወይን ከ8 እስከ 12 ዲግሪ፣ ቀይ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ጥሩ ነው። አዲስ አበባ በክረምት ቀዩን ባለበት መክፈት ይቻላል። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ከሆናችሁ ግን ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ይግባ። ሲሞቅ አልኮሉ ብቻ አፍንጫ ላይ ይወጣል።

ተራውም ቀላል ነው። ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከደረቁ (ጣፋጭነት ከሌለው) ወደ ጣፋጩ። ጣፋጩን አክሱሚት ቀምሶ ወደ ደረቁ ጉደር የተመለሰ ሰው ጉደርን ያለጥፋቱ ይረግመዋል።

በርበሬውን ከከባድ ቀይ ወይን ጋር ማጋጨት

ዋናው ችግር ይሄ ነው። ቀይ ወይን ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ፤ ከፍሬው ቆዳና ከዘሩ ይመጣል። ስኳር የሌለው ወፍራም ሻይ አፍን እንደሚያደርቀው ያደርቃል። በርበሬ ሲነካው ይብሳል፤ አልኮሉ ደግሞ ማቃጠሉን ያባብሰዋል። ዶሮ ወጥ ካበርኔ ሶቪኞ ከሚባለው ከባድ ቀይ ወይን ጋር የቀረበለት ሰው ሁለቱንም ይጠላል፤ ሁለቱም ግን ለየብቻቸው ጥሩ ነበሩ።

ለዶሮ ወጥና ለቀይ ወጥ ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ወይን፣ ቀዝቀዝ ብሎ። አካሲያ የሚባለው የአገራችን ወይን፣ መካከለኛ ጣፋጩ፣ እዚህ ቦታውን ያገኛል። ስኳሩ ማቃጠሉን ያበርደዋል። ሚጥሚጣው ያልበዛ ለብለብ ክትፎና ጥብስ ደግሞ ለደረቁ ቀይ ናቸው፤ ታኒኑን ስቡ ያለሰልሰዋል። እንጀራው ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ለስላሳ፣ ኮምጣጣነት የሌለው ወይን አጠገቡ ውሃ ውሃ ይላል። ለአልጫና ለዓሣ የዝዋዩን ነጭ ወይን፣ ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔን፣ ሞክሩ።

በቅምሻው ሰዓት ግን ከወጡ ራቁ። ፉርኖ ዳቦ፣ ጨው ያልበዛበት አይብ፣ ውሃ። ድፎ ዳቦም አይሆንም፤ ጥቁር አዝሙዱ አፍ ውስጥ ይቀራል።

ስምና ዋጋ እያዩ መፍረድ

ውድ ነው ከተባለ ሁሉም "ይለያል!" ይላል። ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልሉና ቁጥር ጻፉባቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 እንግሊዛዊው የወይን ነጋዴ ስቲቨን ስፐሪየር ፓሪስ ውስጥ የፈረንሳይና የካሊፎርኒያ ወይኖችን ስማቸውን ሸፍኖ ለፈረንሳይ ዳኞች አስቀመሰ። በነጩም በቀዩም አንደኛ የወጡት የካሊፎርኒያዎቹ ነበሩ። ሥራቸው የሆኑ ሰዎች እንዲህ ከሆኑ እኛ ሳሎን ውስጥ ብንሳሳት ምን ይገርማል! የአገር ውስጡን ከውጭው ጋር ቀላቅሉት። ጋዜጣው ሲነሳ የሚነሳው ሳቅ ብቻውን ለምሽቱ ይበቃል።

በሰው ቃል መናገር

ኢንተርኔት ላይ የተነበበ መግለጫ ይዞ የሚመጣ አንድ ጓደኛ አይጠፋም። አሽቶት የማያውቀውን የአውሮፓ ፍሬ ይጠራል። ሌላው ያፍርና "ጥሩ ነው" ብሎ ዝም ይላል። በምታውቁት ተናገሩ፦ ፕሪም፣ እንጆሪ፣ ዘይቱን፣ ማር፣ ብርዝ። አንድ ምሽት ቤታችን ውስጥ ሲራ የሚባለው ቀይ ወይን ተቀድቶ ሁላችንም ስንፈላሰፍ አክስቴ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና "ቁንዶ በርበሬ ነዋ!" አሉ። ልክ ነበሩ። የሲራን ሽታና የቁንዶ በርበሬን ሽታ የሚሰጠው አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ነው። አክስቴ በዓመት አንዴ ቢጠጡ ነው፤ አርባ ዓመት ቅመም የፈጨ አፍንጫ ግን አላቸው።

"በሞቴ!"

ለእንጀራ እሺ፣ ለጉርሻ እሺ። ለወይን ተዉት። በሃይማኖቱ የማይጠጣ አለ፣ መድኃኒት የጀመረ አለ፣ ገና ለሰው ያልነገረች ነፍሰ ጡር ልትኖር ትችላለች። "ለምን?" ብሎ መጠየቅም ያስጨንቃል። ጥሩ ጭማቂና አምቦ ውሃ እኩል ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። የማይጠጣውን ሰው ጋዜጣ ጠቅላይና ነጥብ መዝጋቢ አድርጉት፤ ከሁሉ የሚዝናናው እሱ ይሆናል። የሚነዳ ሰው ካለም መመለሻውን መጀመሪያ ተነጋገሩበት፤ ሞቅ ካለው በኋላ "ደህና ነኝ" የማይል የለም።

ገና ሳይቀምሱ በኮካ መቀላቀል

ወይን በኮካ ወይም በስፕራይት መጠጣት ነውር አይደለም፤ ስፔኖች ራሳቸው ቀይ ወይን በኮካ ይጠጣሉ፣ ካሊሞቾ ይሉታል። መጀመሪያ ግን አንድ ጉንጭ ለብቻው ቅመሱት። ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉ፤ ለመቀላቀል ግን ርካሹን ጠርሙስ ምረጡ።

የተረፈው ቀይም ሆነ ነጭ ቡሹ ተመልሶለት ፍሪጅ ይግባ። ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ቀዩን ከመጠጣታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት አውጡት። ከዚያ በላይ ከቆየ ጥብሱ ሊወርድ ሲል ግማሽ ብርጭቆ ጨምሩበትና ድስቱ ላይ የያዘውን ፋቁበት።