ለብዙ ሰው የሚሆን ምግብ ቤት በአዲስ አበባ እንዴት ይመረጣል?

በአዲስ አበባ አሥርም ሆነ ሃያ ሰው ለምሳ ወይም ለእራት የሚጋብዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «የት ይጣፍጣል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። በእኔ እምነት ግን መቅደም ያለበት «ማን ምን ይበላል?» የሚለው ነው። ገበታችን አራትና አምስት ሰው ከአንድ ትሪ የሚቆርስበት በመሆኑ፣ ከመካከላቸው አንዱ የማይበላው ነገር ሲቀርብ የሚጎድለው የእርሱ ድርሻ ብቻ ሳይሆን ማዕዱ በሙሉ ነው።

ስለዚህ ሰፈር ከመምረጥዎ በፊት ቀኑን ያጣሩ። ረቡዕና ዓርብ የኦርቶዶክስ ምእመናን የጾም ቀናት ናቸው፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም አይጾሙም፤ ብዙ ሰው የሚወጣበትን ግብዣ ለማዘጋጀት ከዚህ የተመቸ ወቅት የለም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይዘልቃል፣ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ይቆያል፣ ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። በእነዚህ ወቅቶች ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። ከሚጾሙት መካከል እስከ 9 ሰዓት ወይም ከዚያም በላይ ምንም የማይቀምሱ ስላሉ፣ በጾም ቀን የምሳ ቀጠሮ በ6 ሰዓት የሚይዝ አዘጋጅ ሳያስበው እነርሱን ከማዕዱ ያስቀራቸዋል፤ ወደ 10 ሰዓት ቢገፋው ሁሉም አብሮ ይበላል። በረመዳን ደግሞ ሙስሊም እንግዶች ካሉ ቀጠሮው ከጀንበር መጥለቅ ጋር መገጣጠም አለበት፤ ቴምሩ፣ ውኃው፣ ሾርባውና ሳምቡሳው አዛን ከመባሉ በፊት ጠረጴዛ ላይ እንዲሆን አስቀድመው ይነጋገሩ።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ሥጋ ነው። ብዙ ክርስቲያኖች የሙስሊም ሥጋ አይበሉም፣ ሙስሊሞችም የክርስቲያን ሥጋ አይበሉም፤ ሥጋ ቤቶችም ይህን በመስቀል ወይም በጨረቃ ምልክት ያሳውቃሉ። ሁለቱም ወገኖች ባሉበት ቡድን አንዱን ሥጋ ቤት መርጦ ለሌላው ወገን «እናንተ ሽሮ ታዛላችሁ» ማለት እንግዳን ማሳነስ ነው ብዬ አምናለሁ። የተሻለው መንገድ ሁሉም እጁን የሚዘረጋበትን ምግብ ዋና ማድረግ ነው። ለዚህ የጾም በየዓይነቱን የሚያህል የለም፤ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑና ሽሮው ሁሉንም ያገናኛሉ። ነገር ግን አንዳንድ ምግብ ቤቶች በፍስክ ቀን ሽሮውን በቅቤ ስለሚሠሩት፣ በዘይት እንዲሠራ አስቀድመው በግልጽ ያዝዙ። ዓሣም ከእርድ ጋር የተያያዘ ጥያቄ ስለማይነሣበት በፍስክ ቀን ጥሩ መገናኛ ነው፤ በጾም ቀን ግን ዓሣ የማይበሉ ጾመኞች ብዙ በመሆናቸው እንደ ጾም ምግብ ብቻ ቆጥረው አይተማመኑበት። በተጨማሪም ሥጋ የተሠራበት ድስትና ቢላዋ የሚያሳስበው እንግዳ ሊኖር ይችላል፤ እርሱን ለብቻው በስልክ መጠየቅ በሰው ፊት ከመጠየቅ ይሻላል።

ቡድኑ በሙሉ አንድ ዓይነት ሥጋ የሚበላ ከሆነ ሥራው ይቀላል። ሥጋ ቤት ሲገቡ የኪሎውን ዋጋ ይጠይቁ፣ ብልቱን ራስዎ ይምረጡ፣ ሲመዘንም ይመልከቱ። ቁርጥ የሚወዱ ቢኖሩም ጥሬ ሥጋ ኮሶ ሊያስይዝ ስለሚችል፣ በተለይ ልጆች ካሉ፣ ጥብስ በበቂ መጠን መታዘዝ አለበት።

ሰፈሩን በተመለከተ መለኪያው የአዘጋጁ ምቾት ሳይሆን ከሁሉ ርቆ የሚመጣው ሰው መንገድ ነው። ከሲኤምሲ፣ ከአያት፣ ከገርጂና ከአራት ኪሎ ለሚመጡ መገናኛና ሃያ ሁለት አካባቢ ይቀላል፤ ከጀሞ፣ ከአየር ጤናና ከሣር ቤት ለሚመጡ ደግሞ ሜክሲኮ ይቀርባል። ሩዝና የፍየል ሥጋ በሶማሌ አሠራር ለሚፈልግ ቦሌ ሚካኤል አለ። ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ምሽት ያለው የመኪናና የታክሲ መጨናነቅ ይታወቃል፤ ስለዚህ የእራት ቀጠሮ በ1 ሰዓት ተኩል ቢሆን ይመረጣል፤ ማታ ታክሲ ለሚጠብቁ ግን የመመለሻው ነገር ከወዲሁ ይታሰብ። በቀድሞ ትዝታ ብቻ ቦታ አይምረጡ፤ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካዛንቺስ በርካታ ቤቶች በመልሶ ማልማት ስለፈረሱ፣ ብዙ ሰው ከዓመታት በፊት የሚያውቀው ምግብ ቤት ዛሬ በቦታው የለም።

የታሰበውን ቤት ከግብዣው በፊት፣ በዚያው የሳምንት ቀንና በዚያው ሰዓት ሄደው ይዩት። ማክሰኞ ቀን ጸጥ ያለ ቤት ቅዳሜ ማታ የእንግሊዝ ኳስ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ መነጋገር የማይቻልበት ሊሆን ይችላል። የእጅ መታጠቢያው ውኃ አለው ወይ? ጠረጴዛዎቹስ ይገጣጠማሉ? ምግብ ቤቱ ፎቅ ላይ ከሆነና መብራት ከጠፋ፣ ጉልበታቸው የደከመ አባትና እናት በምን ይወርዳሉ? መጸዳጃ ቤቱን ሳያዩ አይመለሱ፤ የወጥ ቤቱን ንጽሕና ከምናሌው ይልቅ እርሱ ይናገራል።

ከዚያ በኋላ ትእዛዙን ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይስጡ። ዶሮ ወጥ በቅጽበት አይደርስም፤ ሃያ ሰውም በየራሱ ሲያዝ የአንዱ ምግብ ቀርቦ ሲቀዘቅዝ የሌላው ገና በእሳት ላይ ይሆናል። ለአምስት ሰው አንድ ትሪ አስበው፣ የጾሙንና የፍስኩን በተለያየ ትሪ ያስቀርቡ። በምናሌው ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶውን ቫት የሚጨምር መሆኑን፣ የአገልግሎት ክፍያ መኖር አለመኖሩንም ይጠይቁ፤ 10 ሺህ ብር የመሰለ ሒሳብ በቫት ብቻ 11 ሺህ 500 ይሆናልና። ቀብድ ከከፈሉ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ የሚያወጡት በጋራ ከሆነም ገንዘቡን አንድ ሰው በቴሌብር ወይም በባንክ አስቀድሞ ሰብስቦ ይያዘው፤ ጠዋት ላይም ለምግብ ቤቱ ደውሎ የመጨረሻውን የሰው ቁጥር የሚነግረው እርሱ ይሁን።